በሰው ፊት ለሚፈራ ወንድም

ዛሬ ስለ ራሴ ስሕተት ልጽፍላችሁ ነው።

ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። አንድ እሑድ በፕሮግራሙ ማብቂያ ላይ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጥን አንድ ወጣት በስሙ ጠርቼ “ተነሥና በጸሎት ዝጋልን” አልሁት። ተነሣ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ላብ በላብ ሆነ። ሰዉ አንድ በአንድ ዓይኑን እየገለጠ ያየው ጀመር። ወጥቶ ሄደ፤ ሦስት እሑድም ቀረ። እኔ እኮ ያበረታሁት መስሎኝ ነበር።

ልጠይቀው ቤቱ ስሄድ እናቱ ቡና አፈሉልኝ። ልጁ ውጭ አገር ያለች አክስቱ የላከችለትን የክኒን ዕቃ አመጣና “ፓስተር፣ ይህን ብወስድ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?” አለኝ። በላዩ “አሽዋጋንዳ” ይላል። በስልኬ የተክሉን ሥዕል ፈልጌ ለእናቱ ባሳያቸው ሳቁ። “ይሄማ ግዛዋ ነው! ድሮ ለቡዳ ስናጨሰው የኖርነው!” ጌታን ሲያገኙ የተዉት ቅጠል በክኒን መልክ ከባሕር ማዶ ተመልሶ መጣባቸው። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው “ታዲያ ልጄ ይዋጠው?” አሉኝ።

እኔም እንዲህ አልኋቸው፦ ቡዳን ፈርቶ ማጨስ አንድ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ያበቀለውን ተክል ለሕመም መጠቀም ሌላ ነገር ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ ጌታም ሰማው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ በቁስሉ ላይ በለስ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20፥1-7)። ጸሎቱና መድኃኒቱ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አሉ።

ነገር ግን ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ግዛዋ ለጥቂት ሳምንታት ሲወሰድ ጭንቀትን እንደሚቀንስ ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ ግን ያጠኑት አጠቃላይ ውጥረትን እንጂ በሰው ፊት መቆምን መፍራትን አይደለም። አልፎ አልፎ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ፤ ዴንማርክም በ2023 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። ለነፍሰ ጡርና የእንቅርት ዕጢ ሕመም ላለበት አይመከርም። ከላቬንደር ዘይት የሚሠራ ክኒንና የካሞሚል ሻይም ጭንቀትን ያረግባሉ ተብለው ተጠንተዋል፤ ጥቅማቸው ግን መጠነኛ ነው። ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው ተክል ደግሞ የኤችአይቪ መድኃኒትን ኃይል ያዳክማል። ስለዚህ ማንኛውንም ከመዋጣችሁ በፊት የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

አንዳንዴ ከመጨመር መቀነስ ይሻላል። የሥነ መለኮት ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለመጀመሪያው ስብከቴ ኃይል እንዲሰጠኝ ብዬ ሦስት ሲኒ ቡና በባዶ ሆዴ ጠጣሁ። ልቤ ከበሮ ሆነ፤ መጽሐፍ ቅዱሴ በእጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቡና ለሚፈራ ሰው ፍርሃትን ያባብሳል። በአካባቢያችን “ድፍረት ይሰጣል” የሚባለው ጫትም ሲለቅ እንቅልፍ ማጣትንና ጭንቀትን ትቶ ይሄዳል።

ደግሞም ይህ ፍርሃት ሥራንና ትምህርትን የሚያስቀር ከሆነ ሐኪሞች ማኅበራዊ ጭንቀት የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል። በምክርና በመድኃኒት ይታከማል። ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው የሚፈሩትን ነገር ከትንሹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መለማመድ ነው።

ከዚያ ቤት ስመለስ በልቤ የከበደኝ ግን ክኒኑ አልነበረም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ጢሞቴዎስ ሲመጣ በመካከላቸው ፍርሃት እንዳይዘው እንዲጠነቀቁለት ለምኗቸዋል (1ኛ ቆሮንቶስ 16፥10)። ለጢሞቴዎስ ስለ ድፍረት ሌላ ጊዜ ጽፎለታል፤ በዚህ ስፍራ ግን አደራውን የጣለው በጉባኤው ላይ ነው። እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! የራሴን ጢሞቴዎስ ግን በሕዝብ ፊት አሳፈርሁት።

ተመልሼ ሄድሁና “ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ ሳልጠይቅህ አስነሣሁህ” አልሁት። አቀርቅሮ ዝም አለ። ቆይቶ “እኔ የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር” አለኝ።

ክኒኑን ሐኪም እስኪያይለት አስቀመጠው። ከዚያ ለሦስት ሆነን ጸለይን፤ እርሱ “አሜን” ብቻ አለ። በቀጣዩ ሳምንት አንድ ጥቅስ አነበበ። ከወር በኋላ በቤት ኅብረታችን ስድስት ሰው ባለበት በሁለት ዐረፍተ ነገር ጸለየ። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል። እሑድ ግን በቦታው፣ ከኋላ ወንበር ላይ አለ፤ እኔም ሳልጠይቀው አልጠራውም።

ወገኔ ሆይ፣ የምትፈራ አንተ ከሆንህ ጌታ በፍርሃትህ አይንቅህም፤ አንደበቴ ከባድ ነው ላለው ለሙሴ አሮንን ሰጥቶታል። የማትፈራ ከሆንህ ደግሞ በዚህ እሑድ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ሄደህ በቀስታ ሰላም በለው፤ አጠገቡም ተቀመጥ።

ጸጋ ይብዛላችሁ።