ተራ የደረሰው መጥረጊያ

ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ስለ ዲግሪው ይጠየቃል፣ ስለ ብርዱ ይጠየቃል፣ «ለምን ተመለስክ?» መባሉም አይቀርለትም። ደረጃ ስለ መጥረጉ የሚጠይቀው ግን የለም። እኔን ደቡብ ጀርመን፣ ቱቢንገን ከተማ ስማር ከፕሮፌሰሮቹ እኩል የቀጣኝ በር እጀታ ላይ የምትንጠለጠል አንዲት ካርቶን ናት።

በዚያ አካባቢ «ኬርቮኸ» የሚሉት የጽዳት ሳምንት አለ። ተራው የደረሰ ተከራይ ካርቶኗን በሩ ላይ ተሰቅላ ያገኛታል። ያን ሳምንት የፎቁን ደረጃ ይጠርጋል፣ ይወለውላል፣ መደገፊያውን ያብሳል፤ ሲጨርስ ካርቶኗን ጎረቤቱ በር ላይ ሰቅሎ ይገላገላል። ትልቁ ተራ ሲመጣ የእግረኛ መንገዱና ምድር ቤቱ ይጨመራሉ፤ በብርዱ ወራት በረዶ መዛቅም አለበት። ማንም ማንንም አይጠራም፣ ማንም ማንንም አያዝም። ከፊት ለፊቴ የሚኖሩት አሮጊት ብቻ ሥራዬን ስጨርስ በራቸውን ገርበብ አድርገው ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ያዩና «ጥጉስ?» ይላሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋል።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1477 የቱቢንገንን ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው «ጢማሙ» የሚባለው የቩርተምበርግ ገዥ ኤበርሃርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 የሽቱትጋርት ነዋሪ ቆሻሻውን በየሳምንቱ እንዲያወጣ የሚያዝ ደንብ የወጣውም በዚሁ ሰው ዘመን ነው። ስለዚህ እዚያ የሚማር ሰው ብዕሩንም መጥረጊያውንም ከአንድ ጌታ እጅ ይቀበላል።

እሑድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ባዶ ጠርሙስ ነጩ ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ የሚጣልበት ትልልቅ ሣጥን በየሰፈሩ ቆሟል፤ እሑድ ግን መጣል ክልክል ነው፤ ኳኳታው ሰው ይረብሻል። የእሑድ ዕረፍት እ.ኤ.አ. ከ1919ኙ ሕገ መንግሥት ተወስዶ በ1949ኙ ውስጥ የገባ የአገር ሕግ ነው። በሰዓት ግን ጀርመኖች እንደሚወራባቸው አይጨክኑም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትምህርት ከተጻፈው ሰዓት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ የሚጀምርበት ልማድ አለ። ይህን የሰማ ሐበሻ «አገሬ ገባሁ» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ደስታው ግን አሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ያበቃል።

እነዚሁ ጠንቃቆች ባቡር ውስጥ አጠገብህ ተቀምጠው ዳቧቸውን ከወረቀት ፈተው፣ «እንብላ» ሳይሉ፣ ዓይንህ እያየ ሙልጭ አድርገው ይበላሉ። እኛ ቤት ይህ ነውር ነው። አንጀታችን እያረረም ቢሆን ሰው ሲገባ ብድግ እንላለን፣ ለእንግዳ እጅ እናስታጥባለን፣ እናጎርሳለን። በዚህ በኩል አስተማሪም ልከናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቱቢንገን ለትምህርት የሄዱት ልዑል አስፋ ወሰን አሥራተ እ.ኤ.አ. በ2003 «ማኒረን» የሚል መጽሐፍ በጀርመንኛ ጽፈው ስለ አውሮፓውያን ሥነ ሥርዓት ለራሳቸው ለአውሮፓውያኑ ነገሯቸው። መጽሐፉ እጅግ ተነበበ፤ በዓመቱም የሻሚሶ ሽልማት ተሰጣቸው።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ የእኛ ጨዋነት ፊታችን ለቆመ ሰው ነው። የእነሱ ደግሞ ለማያዩት፣ ነገ ደረጃውን ለሚወጣው፣ ግድግዳው ማዶ ለተኛው ሰው ነው። አሮጊቷ ስሜን በቅጡ አያውቁም ነበር፤ የእሳቸውን ጥግ ግን አንድ ቀን አቧራ አላየሁበትም።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቶቼ ብታመም ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፤ ለቅሶ ቢገጥመኝ አብረውኝ ያድራሉ። ሁላችንም ቤታችንን በየጠዋቱ እንወለውላለን፤ የሽንኩርቱን ልጣጭ ግን ደረጃው ላይ በየተራ እንረማመድበታለን፤ ደረጃው የጋራ ነዋ! የጋራ ደግሞ የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ደግሞ ደረጃ አይጠርግም። ዕቁቡን በዕጣ፣ የማኅበሩን ጽዋ ከቤት ቤት፣ የጎረቤት ቡናውን ዛሬ እነ እትዬ ጋ ነገ እኛ ጋ ስናዞር የኖርን ሰዎች ግን ተራ መጠበቅን ከኤበርሃርት መማር አያሻንም። መጥረጊያዋን እዚያው መሃል ማስገባት ነው።

ይህንኑ በብሎካችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። የመጀመሪያው ተራም ያለ አንድ ተቃውሞ ለሐሳብ አቅራቢው ተሰጠ።