ከሰመርሊን ጀርባ፦ ከእህቴ ጋር በሬድ ሮክ

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ቬጋስ የምንኖር ሰዎች የምናደርገው አንድ ነው። ከኤርፖርት እንቀበላለን፣ አብልተን እናስተኛለን፣ በማግስቱ ማታ ስትሪፑን እናሳያለን። እንግዳው ፎቶ ይነሣል፣ በመብራቱ ይገረማል። ከዚያስ? እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እንግዳችን ብቻውን ቤት።

ታላቅ እህቴም የገጠማት ይኸው ነበር። እትዬ ከወልድያ ስትመጣ ከተያየን 19 ዓመት ሆኖን ነበር። የምንኖረው ሰመርሊን ነው። ሰፈሩ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው፤ ግን በእግሩ የሚሄድ ሰው ብዙ አይታይም፣ ደጅ ወጥቶ ቡና ጠጡ የሚል ጎረቤትም የለም። እኔና ባለቤቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሬስቶራንት ነን። የ11 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አክስቷን ትስምና ክፍሏ ትገባለች። አንዷ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ የሌላዋ አማርኛ "ደህና ነሽ" ላይ ያበቃል። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ "ወንድምዬ፣ ትኬቴን ማሳጠር ይቻል ይሆን?" አለችኝ። ምን እንደጎደላት ብጠይቃት "ምንም አልጎደለኝም፤ ቀኑ አልመሽልኝ አለ እንጂ" አለች።

ሬስቶራንታችን ሰኞ ዝግ ነው። ልጆችም የፀደይ ዕረፍት ላይ ስለነበሩ በአንድ አስጎብኚ ቫን ላይ ሦስት ቦታ ያዝኩ፤ ለእትዬ፣ ለልጄና ለኔ። መድረሻው ሩቅ አይደለም። ቻርልስተን መንገድን ይዞ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የሰመርሊን ቤቶች ያልቁና ሬድ ሮክ ካንየን ይጀምራል። "ለዚች መንገድ አስጎብኚ ምን ያደርጋል?" ያለኝ ጓደኛ ነበር። እኔ ግን ለአንድ ቀን ሹፌርነቱን ትቼ ወንድም ሆኜ መቀመጥ ፈለግሁ።

አስጎብኚያችን ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ገና ሳንደርስ የሰፈራችንን ስም ታሪክ ነገረን። መሬቱን በ1950ዎቹ የገዛው ቢሊየነሩ ሃዋርድ ሂዩዝ ነው፤ ሰመርሊን ደግሞ የአባቱ እናት የትውልድ ቤተሰብ ስም ነው። ልጄ ይህን ለአክስቷ እንድታስረዳ ተደረገ። "ግራንድማ" አለች። "አያት" አልኩ። እትዬ ሳቀችና "ታዲያ በአያት ስም ሰፈር የሚጠራው እኛ አገር ብቻ መስሎኝ!" አለች።

መግቢያውን አልፎ ያለው መንገድ 13 ማይል ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል። መጀመሪያ የቆምነው ካሊኮ የሚባሉት ቀይ ቋጥኞች ጋ ነው። እትዬ ጠጋ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችውና "ላሊበላን መሰለኝ" አለች። አስጎብኚው እንዳስረዳን ይህ ድንጋይ ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነፋስ የከመረው የበረሃ አሸዋ ነበር። ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው ብረት ነው። ልጄ "ዝገት" የሚለውን ቃል ስላላወቀችው "አሮጌ ብረት፣ ውሃ፣ ቀይ" እያለች በእጇ ስታሳይ፣ እትዬ ቀድማኝ "ዝገት!" አለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቃል ፍለጋ ያዙ፤ እኔን የሚጠይቀኝ ጠፋ።

ሌላው የሚያስገርመው ከላይ ያለው ግራጫ ድንጋይ ነው። ከጥንት ባሕር ሥር የተሠራ የኖራ ድንጋይ ሲሆን በዕድሜ ከቀዩ ይበልጣል። ከ65 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የምድር ቅርፊት ሲገፋፋ አሮጌው ወጥቶ በአዲሱ ላይ ተቀመጠ።

ዊሎው ስፕሪንግስ ላይ ወርደን ቆሎና ሻይ ቀማመስን። እዚያ ድንጋዩ ላይ የጥንት ሰዎች በቀይ ቀለም ያተሙት የእጅ ምልክት አለ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ የደቡብ ፓዩት ሰዎች፣ አጋቬ የሚባለውን ተክል ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ የሚያበስሉበት ቦታም አለ። እኔ ምግብ ሠሪ ስለሆንኩ እዚያ ብዙ ቆየሁ። ያረረው ድንጋይ ክብ ሠርቶ እስከ ዛሬ ይታያል።

አጠገቡ እንቡጥ የያዘ ጠፍጣፋ ቁልቋል ነበር። እትዬ "ይኼማ የባሕር ቁልቋል ነው! በለሱ መቼ ይደርሳል?" አለች። ስሙን ልብ በሉት። ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ማሽላ፣ የባሕር ቁልቋል እያልን የምንጠራቸው ከባሕር ማዶ ስለመጡ ነው። በራያና በትግራይ በክረምት የምንበላው በለስ የመጣው ከዚሁ ከአሜሪካ ምድር፣ ከሜክሲኮ በኩል ነው።

ወደ ብሉ ዳይመንድ መንደር ስንወርድ ግን ነገሩ ተገላበጠ። መንገድ ዳር አምስት አህዮች ይግጣሉ። እትዬ "አቁሙልኝ!" አለች። ቫኑ ራቅ ብሎ ቆመ። በመስኮት ትክ ብላ አየቻቸውና "ጀርባቸው አልተላጠም፤ ጭነት አያውቁም። ጌታ የላቸውም?" ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ተገረመ። ማዕድን ፈላጊዎች ለጭነት ያመጧቸው አህዮች ዘር ናቸው፤ ሥራው ሲቆም ተለቀው የዱር ሆኑ። ከ1971 ጀምሮ በአገሪቱ ሕግ ይጠበቃሉ። "ማታ ጅብ አይበላቸውም?" አለች። ጅብ የለም፤ የተራራ አንበሳ ግን አለ ተባለች።

ያን ዕለት እትዬ አስጎብኚ ሆነች። አህያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ስታጥፍ ምን ማለት እንደሆነ፣ በስንት ወሯ እንደምትወልድ እየተናገረች፣ ልጄ የቻለችውን ያህል እየተረጎመች ቫኑ ሙሉ ሰው ሰማ። በኋላ እንዳነበብኩት በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናት አህያ መጀመሪያ የተላመደችው ከ7 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በምሥራቅ አፍሪካ ነው ይላል። የዱር አህያ ዛሬም በአፋር በረሃ ጥቂት ቀርቷል። ለልጄ እንዲህ አልኳት፦ በለሱ ከዚህ ወደኛ ሄደ፣ አህያዋ ከኛ ወደዚህ መጣች፤ ሁለቱም አገር ለመዱ።

ልጄ ቤት እስክንደርስ "ውርንጭላ፣ ውርንጭላ" ስትል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትሄደው አክስቷ ጋ ሆነ፤ በቀን አንድ ቃል ይለዋወጣሉ። የትኬቱን ነገር እትዬ ዳግመኛ አላነሣችም፤ ሦስት ወሯን ጨርሳ ሄደች።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ከኦክቶበር እስከ ሜይ በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁ የመግቢያ ሰዓት በኢንተርኔት ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። በበጋ ሙቀቱ ስለሚያቃጥል ማልዶ መውጣት፣ ውሃም በብዛት መያዝ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች ከመኪና ሳይርቁ የሚያዩበት ማቆሚያ ብዙ አለ። አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካላችሁ፣ ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ የሚባለውን ነጻ የመግቢያ ፈቃድ አውጡለት። አህዮቹን ግን ዳቦም ሆነ ሌላ ነገር አታብሉ፤ መንገድ ዳር መለመን ስለሚለምዱ በመኪና ይገጫሉ።

ስትሪፑንም አሳዩ፣ አልከለክልም። ግን እንግዳችሁ የሚያውቀውን ነገር ለልጆቻችሁ የሚያሳይበት አንድ ቀን ስጡት። መልካም ጉዞ!