ሃምሳውን ለምን ተመኘሁ

የምናዘዘው ስለ አንድ ምኞት ነው። የቤታችን ቪትዝ ዘይት መብላት ከጀመረች ወዲህ ልቤ 20ደብልዩ-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ይመኛል። ጋራዥ ውስጥ ስሙ አጭር ነው፤ "ሃምሳው" ይሉታል። ሃምሳው ሲገባ የሞተር ድምፅ ይለዝባል፣ ጭስ ጋብ ይላል፣ የምትርገበገበው የዘይት መብራትም አደብ ትገዛለች። የምመኘው ለሞተሩ ይበጀዋል ብዬ ነው ካልኩ ውሸት ይሆንብኛል። የምመኘው ዝም እንዲልልኝ ነው።

መኪናዋ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ካወጣው ከመጀመሪያው የቪትዝ ዘር ናት፤ ሞተሯ 1 ሊትር ነው። ከጃፓን ተነሥታ፣ በዱባይ አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር 200 ሺህ ኪሎ ሜትርን አልፏል፤ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ስንት እንደነበረ ግን በዚህ ቁጥር ልምል አልችልም። የተጠቀሙበት መኪና ገበያ ላይ ቁጥር ወደኋላ መመለስ የታወቀ ነገር ነው። ደግሞ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው መጨናነቅ፣ ጎማው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ የሚያልፈው ሰዓት ኪሎ ሜትር ሆኖ አይመዘገብም። ዘይቱ ግን ያንን ሰዓት ሁሉ ሠርቷል።

መካኒካችን በዕድሜ ልጅ ነው፣ እጁ ግን የበሰለ ነው። "ጋሼ፣ ሃምሳውን እናድርግላት፤ ድምጿ ይጠፋል፣ ጭሷም ይቀንስልዎታል" አለኝ። "አይጎዳትም?" ስለው "ትንሽ ትከብዳለች እንጂ ትሄዳለች" አለ። ያችን "ትሄዳለች" እንዴት እንደወደድኳት! ቤት ስገባ ባለቤቴ "ጭሱ ነገር ምን ሆነ?" ብላ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ "ቀንሷል" ማለት ደግሞ በጣም ቀላል መልስ ነው። እውነትም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቀኝም።

ነገሩን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የሚከብደኝም እሱ ነው። በዘይቱ ዕቃ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ከደብልዩ በፊት ያለው ሞተር በብርድ ሲነሣ፣ በስተኋላ ያለው ደግሞ ሲሞቅ ዘይቱ ምን ያህል እንደሚወፍር ይናገራል። በ100 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ የሠላሳው ውፍረት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክስ፣ የሃምሳው ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጎሕ ሲቀድ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሌሊቱን ኮፓው ውስጥ የተኛ ወፍራም ዘይት ቴስታታው ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ብረት ከብረት ጋር በቂ ዘይት ሳያገኝ ይፋተጋል። ለዚህ ሞተር መመሪያው የሚያስቀድመው 5ደብልዩ-30ን ነው፤ 10ደብልዩ-30ንም ይቀበላል። የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ቪቪቲ-አይ የሚባለው ሥርዓት የሚታዘዘው በዘይት ግፊት፣ በጠባብ ቀዳዳዎች በኩል ነው። የካቴናውን መወጠሪያ የሚገፋውም ዘይት ነው።

ግፊት ስል አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔንም ያታለለኝ እሱ ነበርና። ወፍራም ዘይት ሲገባ ጌጁ ከፍ ይላል፣ እኛም ደስ ይለናል። ግፊቱ የጨመረው ግን ዘይቱ ለማለፍ ስለተቸገረ ሊሆን ይችላል። ብሮንዚናውን የሚያድነው የሚደርሰው ዘይት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ዘይት መድረሱን አያረጋግጥም።

ሃምሳውን መስደቤ አይደለም። ሞተራቸው ለእሱ የተመቸ የድሮ ዲኤክስ ኮሮላዎች አሉ፤ በዘመናቸው የነበረው መመሪያ እንደ አየሩ ሙቀት እየለየ ሃምሳውን ይፈቅድ ነበር። አዋሽን አልፎ ወደ ሰመራ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው ችግሩም ምርጫውም ከእኔ ይለያል። እኔ የምናገረው ማልዳ ቀዝቅዛ ስለምትነሣ፣ አጭር መንገድ ሄዳ ስለምትቆም ስለ አንዲት ትንሽ መኪና ነው። ለእሷ ሃምሳውን የተመኘሁት ሞተሩ የሚለውን ላለመስማት ነበር፤ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ በእጅ እንደመክደን።

ሞተሩ ግን የሚናገረው አለው። ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ተፍታ የምትተው መኪና ብዙ ጊዜ የምትነግረን የቫልቭ ሲሏ መድረቁን ነው፤ ሌሊት ከላይ የወረደ ዘይት ነው የሚቃጠለው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጣት የምታጨስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፒስተኑ ፋሻ ይሄዳል። ጭሱ ነጭ ሆኖ ሳያባራ ሲቀጥል፣ ዘይቱም ቡና በወተት ሲመስል፣ ጓርኒሲዮኑን ማየት ነው። የእኔዋ ጠዋትም ታጨሳለች፣ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣም ታጨሳለች። ሁለቱንም እንዳየሁ አውቃለሁ፤ ለመካኒኩ የነገርኩት ግን የጠዋቱን ብቻ ነው። የቫልቭ ሲል ማስቀየር በአቅሜ ነው። ፋሻ ማለት ሞተር ማስወረድ ነው።

ሌላም ሐሳብ መጥቶብኛል፣ ይህም ከኑዛዜዬ ይግባ፤ ሃምሳውን አስገብቼ ዝም እንዳለች ልሽጣት ብዬ አስቤያለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተሰማ። በዚህ ጊዜ ቪትዝ የሚገዛ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእቁብና ከዘመድ ብድር አሰባስቦ፣ በታክሲ ሥራ እከፍላለሁ ብሎ የተነሣ ወጣት ነው። ደላላው ሞተሩን አስነሥቶ "ስማው፣ ሰዓት ነው!" ይለዋል። ዘይቱ ሲቀየር ልጁ እውነቱን ይሰማል፤ ያኔ እኔ ገንዘቡን ይዤ ሄጃለሁ። ይህን ሐሳብ ገፍቼ አላወጣሁትም፤ ልቤ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ወንበር ሰጥቼዋለሁ።

የጭሱ ነገርስ? ለብዙ ሞተሮች ቶዮታ በመመሪያው በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት መበላቱን እንደ ወሰን ያስቀምጣል። የእኔዋ የምትበላው የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ "ታዲያ ምን አለበት?" እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ያ ግማሽ ሊትር ግን የትም አልጠፋም። ተቃጥሎ ወጥቶ ከኋላዬ በሚመጣው ሚኒባስ መስኮት ገብቷል፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሎ የምትሸጠዋ ሴት ተንፍሳዋለች፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆችም እንደዚያው። ዘይት ስጨምር ስለ መለኪያው መስመር እንጂ ስለ እነርሱ አስቤ አላውቅም። ከዚህ ሁሉ ምርመራ በጣም የቆረቆረኝ ይኼ ነው።

አሁን የመረጥኩት 10ደብልዩ-30 ነው፤ ብዙ ለሄዱ መኪኖች ተብሎ ከሚዘጋጀው። በውስጡ የደረቁ ጎማዎችን፣ ፓራዮሊዮውንም የቫልቭ ሲሉንም፣ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር አለው፤ ቆሻሻ የሚያጥበውም ኃይሉ በዝግታ የተጣበቀ ፋሻ ሊያላቅቅ ይችላል። የተበላ ፋሻ ግን አይመልስም፤ ይህን ከዘይት አልጠብቅም። በዕቃው ላይ ኤፒአይ የሚባለውን የዘይት ጥራት ደረጃ አያለሁ፤ ኤስፒ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሲሆን ከእሱ በፊት ኤስኤን ወይም ኤስኤል ይጠይቁ ለነበሩ ሞተሮችም ይሆናል። ባዶውን ዕቃ በስቼ ነው የምጥለው፤ ለቆራሌው ሳይነካ ከተሰጠ ማን ምን ሞልቶ እንደሚመልሰው አይታወቅም። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ግፊቱ በትክክለኛ ጌጅ ተለክቶ ዝቅ ያለ ሆኖ ከተገኘ ወደ አርባው አንድ እርምጃ እሄዳለሁ። ያኔ ምክንያቱን አውቄ እሄዳለሁ ማለት ነው። ዘይቱንም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ፤ መጨናነቁ በበዛበት ወቅት ከዚያም በፊት።

የዳገቱን ጭስ ለመካኒኩ ነገርኩት። ኮምፕሬሽን ሊለካ ተስማማን፤ መጀመሪያ በደረቁ፣ ቀጥሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ። ዘይቱ ሲገባ ቁጥሩ ከዘለለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። ዘይት ጠራጊው ፋሻ ብቻ ከሆነ የተያዘው፣ ኮምፕሬሽኑ ደህና መስሎ ሊታይ እንደሚችልም አስጠንቅቆኛል። የሞተር ማስወረጃውን ዋጋ ስጠይቀው የጠራልኝ ገንዘብ፣ ባለቤቴ ለትልቋ ልጃችን ትምህርት ብላ ከምታስቀምጠው ጋር ይቀራረባል። ይህን ገና አልነገርኳትም። ልኬቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ዓርብ ማታ፣ እነግራታለሁ።