ከ50 ወደ 30፦ የ4 ደቂቃ ዋጋ

ለወገብ ሕመም የመጡ አንድ የሚኒባስ ሹፌር የፍጥነት ገደብ ሳነሳባቸው «ዶክተር፣ በ30 እየነዳሁ የባለቤቱን የቀን ገቢ መቼ ልሙላ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እንጀራቸው በቢያጆ ብዛት ነው። እስቲ አብረን እናስላው።

5 ኪሎ ሜትር በሰዓት 50 ሲነዳ 6 ደቂቃ፣ በ30 ሲነዳ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ 4 ደቂቃ ነው፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚነዳ ሰው ጊዜውን የሚበላው መጨናነቁ መሆኑን ያውቃል።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። በ50 ፍጥነት የሚደርስ ምት ከ10 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። በ30 ሲሆን ግን ከ3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የአዋቂን እግር የሚመታው የመኪና ፊት ደግሞ ትንሽ ልጅን የሚያገኘው ደረቱና ጭንቅላቱ ላይ ነው። የተሰበረ እግር ብዙ ጊዜ ይጠገናል፤ ክፉኛ የተጎዳ አንጎል ግን እንደ ነበረ መመለሱ ያስቸግራል።

እኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ የመጣ ሹፌር ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ ዓይኑ ፍጥነቱን ስለለመደ 60 እንኳ የሚያዘግም ይመስለዋል። ከፊቱ ግን መንደርና ተማሪዎች አሉ። እባካችሁ ስትወጡ ስሜታችሁን ሳይሆን የፍጥነት መቁጠሪያውን እዩ።

የቀለበት መንገዱ ሁሉ 30 ይሁን አልልም። የዓለም ጤና ድርጅትም 30ን የሚመክረው እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ገበያና ሰፈር ውስጥ። ዋጋውንም ሹፌሩ ብቻውን መክፈል የለበትም። የመኪና ባለቤቶች፣ የቀን ገቢውን ስትተምኑ ይህንን አስቡበት።

ወላጆች፣ ትንንሽ ልጆች የሚመጣን መኪና ፍጥነት በትክክል መገመት አይችሉም። «ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እጃቸውን ይዛችሁ አሻግሯቸው። ልጆቻችሁን በሰርቪስ የምትልኩ ደግሞ «አረፈደብን» ብላችሁ ሹፌሩን አታጣድፉት። 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አስነሷቸው።