ከነገሌ እስከ አርባ ምንጭ

ከዓመታት በፊት አርባ ምንጭ ሳስተምር አንድ የነገሌ ቦረና ልጅ ፈቃድ ሊጠይቀኝ ቢሮዬ መጣ። እናቱ በጠና ታመው ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሲደርስ ግን ቀብራቸው ተፈጽሞ ቆየው። ከተመለሰ በኋላ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ካርታ እያየ፣ «ዶክተር፣ በእርስዎ ካርታ አገሬ ስንት ኪሎ ሜትር ትርቃለች?» አለኝ።

ማስመሪያ አንስቼ ለካሁ፤ ቀጥታው መሥመር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰልኝም። እርሱ የሄደው ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ በሶዶና በሻሸመኔ ዞሮ፣ በክብረ መንግሥት በኩል እንደገና ወደ ደቡብ ወርዶ ነበር።

ውድ አንባቢዬ፣ ሁለቱም ከተሞች የአውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። በሀገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ባለ ሁለት ሞተሩ ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። መነሻና ማረፊያው ታክሎበት እንኳ ይህን መንገድ በአርባ ደቂቃ ግድም ይጨርሰዋል። ነገር ግን የሀገር ውስጥ መሥመሮቻችን በአብዛኛው ከቦሌ የሚወጡና ወደ ቦሌ የሚመለሱ ናቸው። በአየር ከነገሌ አዲስ አበባ 420 ያህል፣ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ 350 ያህል ኪሎ ሜትር ነው። በቦሌ የሚዞር መንገደኛ እንግዲህ የቀጥታውን ሦስት እጥፍ ይበራል፤ የመጠበቂያ አዳራሹን ሰዓት ሳንቆጥር።

«ተሳፋሪ የለማ!» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከሒሳብ አንጻር ስህተት አይደለም። አውሮፕላን በባዶ ወንበር አይበርም። ግን በሌለ መሥመር ላይ ተሳፋሪን ማን ቆጠረው? ያ ተማሪ በየትኛው መዝገብ ላይ ሰፈረ? (ለቲኬት የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም የምትሉኝም ትኖራላችሁ፤ እርሱም እውነት ነው።)

ነገሌ የራቀችው ለሁሉም አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ከዶሎ እየገፋ በመጣ ጊዜ የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ነገሌን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ከተማዋም በዚያው ጥር ወር ተያዘች። ለሸክም የራቀች አገር ለቦምብ ቅርብ ነበረች።

በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር አመፀ። ምክንያቱ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የውሃ መሳቢያው ተበላሽቷል፤ መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ አላካፍል ብለዋል፤ ቀለቡም የሚበላ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያዩ የላኳቸውን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸውና ያንኑ ቀለብ አብልተው ያንኑ ውሃ አጠጧቸው። ቤተ መንግሥቱና ነገሌ በአየር ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበሩ። የተበላሸ የውሃ መሳቢያ ወሬ ግን ያን ርቀት ተሻግሮ ሰሚ ለማግኘት አንድ ጄኔራል መታሰር ነበረበት። ዓመት ሳይሞላ ዘውዱ ወደቀ።

ያ ተማሪ ትምህርቱን በወጉ ጨርሶ ተመርቋል። በምረቃው ዕለት ከቤተሰቡ ማንም አልመጣም ነበርና ፎቶግራፉን አብሬው የተነሣሁት እኔ ነኝ።