ካደጉ ልጆች ጋር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ

ጀርመን አገር የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ ሴት ልጇን ከመዳሯ በፊት ቤተሰቡ አንድ ሳምንት ደቡብ ፈረንሳይ አብሮ እንዲያሳልፍ ተመኘች። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ወንዱ ልጇም «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ አኮረፈ።

ሐምሌና ነሐሴ ኪራይ ይወደዳልና መስከረምን ጠብቁ አልኳት። ማርሴይ ላይ ሆቴሉን ትታችሁ ማድ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ፤ ኖአይ ሰፈር ገበያ አትክልቱም ሐላል ሥጋውም አለ። አንዱን ቀን ግን ልጁ ይምራችሁ።

ልጁ ኒምን መረጠ። ከተማዋ ውስጥ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተቀበሩ የሦስት ሙስሊሞች አፅም መገኘቱን ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል፤ ፊታቸው ወደ ቂብላ የዞረ ነበር። እኔም ከእሱ ነው የሰማሁት፤ አስተማሪ ተብዬ! አሁን የባቡሩን ሰዓትና ዋጋ እያጣራ እናቱ ዘንድ የሚደውለው እሱ ሆኗል።