መከራ የመከረው ልጅ

ማንኪያ ከሰሐን ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ ለብዙ ሰው የምግብ ፍላጎቱን ይከፍትለታል። ለልጄ ግን የጦርነት ነጋሪት ነበር። ገንፎው ገና ሳይቀርብለት፣ ድምፁን ሰምቶ ብቻ አፉን ይገጥማል፤ ጀርባውን እንደ ደጋን ወደ ኋላ ይለጥጣል፤ ያለቅሳል። ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ልጁ ዘጠነኛ ወሩን እንደያዘ ነው። ባለቤቴ ቢሮ ትውላለች፤ እኔ እቤት ቁጭ ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝና የማብላቱ ሥራ የእኔ ነበር።

ከተወለደ ጀምሮ ያቀረሻል። «ሕፃን ያቀረሻል፤ ምን ያስደነግጣል?» አሉን ጎረቤቶች። እውነታቸውን ነው፤ የብዙ ሕፃናት ቅርሻት ዓመት፣ ቢበዛ ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። የእኛው ግን ባቀረሸ ቁጥር ይጮሃል፤ ሌሊት ደጋግሞ ይነቃል፤ ክብደቱም ሁለት ወር ሙሉ ፈቅ ሳይል ቀረ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ፍቅርን በጉርሻ ለሚለካ አገር ልጅ ሌላ ምን መላ ይመጣለታል? ጋትኩት! ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ሁለት እጆቹን ጠፍሬ ይዤ፣ አጥሚቱን አፉ ውስጥ አንቆረቆርኩለት። እያለቀሰ ዋጠ። «ጎበዝ!» አልኩት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የዋጠውን ሁሉ ሸሚዜ ላይ መለሰው። ያ «ጎበዝ» ያልኩት ዛሬም ያሳፍረኛል።

በዚህ መሐል አማቴ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ሁለት ቀን በዝምታ ሲያዩን ሰነበቱና፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ እንጥሉ ወርዶ ነው። ሙያው የታወቀ ወጌሻ አለ። የሚስትህንም ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምን ሆነች?» አሉኝ።

«እስቲ እማማ፣ አስቀድሞ ሐኪም ይየው» አልኳቸው።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ሌሊት ልቤ ወደ ወጌሻው አዘንብሎ ነበር። እንጥል ማስቆረጥ ደም እንደሚያፈስ፣ ንጽሕና በጎደለው ስለት በሽታ እንደሚጋባ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከጎጂ ልማዶች መካከል በስም እንደጠራው አውቃለሁ። ጭንቀት ሲገባ ግን ዕውቀት በሌላ በር ይወጣል።

የሕፃናት ሐኪሟ ልጁን መዝና መርምራ ስታበቃ የጠየቀችኝ፣ «ምን ያህል ይበላል?» ብላ አልነበረም። «እንዴት ነው የሚያበሉት?» አለችኝ። ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ታስረዳኝ ጀመር።

በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። በሕፃናት ላይ ይህ በር ገና አልጠናም፤ በዚያ ላይ ምግባቸው ፈሳሽ ነው፣ አብዛኛው ውሏቸውም በጀርባቸው ነው። ስለዚህ የበሉት ከጨጓራ አሲድ ጋር ወደ ላይ ይመለሳል። እኛ አዋቂዎች ቃር የምንለው ነው። ሕፃን ግን «ቃር ያዘኝ» አይልም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ምግብ ሲመጣ እሳት ይከተላል።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ አበው። ልጄን መከራ አስቀድሞ መክሮት ኖሯል! እልኸኛ ያልኩት ሕፃን፣ ለካስ የደረሰበትን የማይረሳ ሕፃን ነበር። በጋትኩት ቁጥር ደግሞ ያንኑ ትምህርት አጠናሁለት።

ለልጁ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ከበዱ ትእዛዝ ግን የእኔ ነበር። በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ማብላት፤ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና አድርጎ መያዝ፤ ፊቱን ሲያዞር ማንኪያውን ማስቀመጥ፤ በፍጹም አለመጋት። ሲተኛ እንደማንኛውም ሕፃን በጀርባው ይተኛል። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ከታየበት ግን ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል።

ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የከሳ ልጅ ፊቱን ሲያዞርባችሁ ማንኪያ አስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አማቴም፣ «ልጁን በረሃብ ልትፈጀው ነው!» ብለው አኮረፉኝ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ማታ ገበታ ቀርቦ፣ ልጁ አያቱ ጭን ላይ እንደተቀመጠ፣ ማንም ሳይጋብዘው እጁን ሰደደና ከሽሮው ጫፍ ቁራሽ እንጀራ አነሳ። ግማሹ አፉ ገባ፤ ግማሹ አገጩ ላይ ቀረ። እኔ ልማዴ ሆኖ ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ አማቴ ያዙኝ።

«ተወው» አሉ ቀስ ብለው። «ራሱ ይብላ።»